ሳልቀምስ ያበሰልኩት ሩዝ

ትልልቅ ድስት ማንሣት ከተውኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሐኪሙ የጉልበቴን ፎቶ አይቶ፣ «ይኼ ጉልበት ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ እርስዎ ነዎት ያልሰሙት» አለኝ። ልጄ ሣራ፣ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ብታገኘኝ ደብተር ገዝታ መጣች። «እማዬ፣ ከምትተክዢ ጻፊው» አለችኝ። ብዙ የሚጻፍ ያለኝ አልመሰለኝም ነበር። የሠራሁት ምግብ ነው፤ ምግብ ደግሞ ተበልቶ ያልቃል። ነገር ግን መጻፍ ያለበት አንድ ነገር አለ። እሱን ለመጻፍ ስል ሌላውንም እጽፋለሁ።

ወደ ጅቡቲ የመጣሁት ከድሬዳዋ በባቡር ነው፤ ገና ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ ታዬ ወደብ ላይ የመጋዘን ጸሐፊ ነበር። ደመወዙ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር፤ ልጅ ሲመጣ አልበቃም። ስለዚህ አንዲት የፈረንሳይ ማዳም ቤት ምግብ ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ።

ማዳም ሁሉን ነገር በሚዛን ነበር የምትሠራው። ዱቄቱን ትመዝናለች፣ ቅቤውን ትመዝናለች፣ ጨው ሳይቀር ትመዝናለች። የእኔን ወጥ ስትወደው ደብተር ይዛ መጣችና፣ «አስካለ፣ ጨው ስንት?» አለችኝ።

«እንደሚበቃው ነው፣ ማዳም።»

«የሚበቃው ስንት ነው?»

በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ አሳየኋት። እሷም እስክትሄድ ድረስ አልጻፈችውም። ከእሷ ያገኘሁት አንድ ትልቅ ነገር እያበሰሉ ማጽዳትን ነው። ወጡ ሲበስል ወጥ ቤቱም ጸድቶ ማለቅ አለበት ትል ነበር። እስከ መጨረሻው ይዤዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

እነማዳም አገራቸው ሲመለሱ ፒኬ 12፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች የሚቆሙበት አካባቢ፣ ጋሽ ደምሴ ምግብ ቤት ገባሁ። ጋሽ ደምሴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ እዚሁ ጅቡቲ ተወልዶ አደገ። አንዱን ነገር በአማርኛ ጀምሮ በሶማልኛ ያስኬደውና በፈረንሳይኛ ይጨርሰዋል፤ ስድቡ ብቻ ንጹሕ አማርኛ ነበር። እዚያ ፍጥነት ተማርኩ። ሾፌር ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ነው የሚጠይቀው፤ «እትዬ፣ ምን ደረሰ?» ይላል። «ምን አለ?» አይልም።

አንድ ቀን በሁዳዴ አንድ ሸምገል ያለ ሾፌር ሽሮ አዘዘ። አቀረብኩለት። አንዴ ጎርሶ ቆም አለና፣ «እትዬ፣ ይኼ ጭልፋ የት ነበር?» አለኝ። ሙስሊም ለሆኑት ሾፌሮች የሠራሁት የሥጋ ወጥ ውስጥ ነበር። ነገርኩት። አልጮኸም፤ ሰሃኑን ቀስ ብሎ ወደ እኔ ገፋ፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ደረቅ ዳቦ ጠይቆ በልቶ ሄደ። ከእሱ ፊት ላይ ያየሁትን አልረሳሁም። በማግሥቱ ጭልፋዎቼን ለየሁ፤ በጾሙ ላይ ነጭ ክር፣ በሥጋው ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ሰው የሠራሽውን ሲበላ በአፉ አምኖሽ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ታዬ ሲያርፍ ከልጄ ጋር ካርቲየ 4 በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። ጎረቤታችን ኸድጃ የምትባል የሶማሌ ሴት ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ ይላታል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ልጅነቷን ድሬዳዋ ስላሳለፈች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ በየዓመቱም ሰፈሩ በሚያዘጋጀው የምግብ ቀን ትልቁን ድስት የምትይዘው እሷ ነበረች።

የምግብ ቀን ማለት እንዲህ ነው። መንገዱ ይዘጋል፣ ድንኳን ይጣላል፤ በሰፈሩ ያለ ሕዝብ ሁሉ የየራሱን ምግብ ይዞ ይወጣል። የመኖቹ በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ከቂጣ ጋር ያቀርባሉ። አፋሮቹ ወተትና ቅቤ፣ እኛ እንጀራና የጾም ወጥ፣ ሶማሌዎቹ ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራቸውንና ሳምቡሳ። መሀል ላይ ግን ትልቁ ድስት ነው፦ የፍየል ሥጋ ያለበት፣ ሄልና ከሙን የገባበት ሩዝ። ሌላው ምግብ ቢያልቅ ሰው ይቀልዳል። ያ ሩዝ ቢያልቅ ወይ ቢበላሽ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ይወራል።

ኤዶ ረዳት ፈለገችና እኔን ጠራች። የምግብ ቀኑን የሚያሰናዳው የሰፈሩ ማኅበር ሴቶች አጉረመረሙ። ከሁሉም ሩቂያ የምትባለው፣ «ክርስቲያን ናት። ሙስሊም ያረደውን አትበላም። የማትቀምሰውን እንዴት ታበስላለች?» አለች፤ እኔ ቆሜ እየሰማሁ።

«አዋላጇ የምታዋልደውን ልጅ ሁሉ ራሷ ናት የምትወልደው?» አለቻት ኤዶ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሩቂያ ያለችው ግን እውነት ነበር። በሃይማኖቴ ሙስሊም ያረደውን አልበላም፤ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም። ማንም በማንም አይቀየምም፤ እንዲሁ ነው የኖርነው። ስለዚህ ያን ሩዝ ስንት ዓመት ሳበስል አንድም ቀን አልቀመስኩትም። ኤዶም ይህን ስለምታውቅ ሳልቀምስ የምሠራበትን መንገድ አስተማረችኝ።

መጀመሪያ በጆሮ ነው። ሥጋው ድስት ውስጥ ሲገባ ዓይኔን አስጨፈነችኝ።

«ምን ይላል?»

«ይንጫጫል።»

«ማን ነው የሚንጫጫው?»

«ሥጋው።»

«ውሃው ነው! ሥጋማ ገና አፉን አልከፈተም። ውሃው ዝም ሲል ዘይቱ ይናገራል። ያኔ ጥሪኝ።»

ሦስት ጊዜ ያለጊዜው ጠራኋት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተመለሰች። በአራተኛው ድምፁ ሲወፍር ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትኩም። ቀጥሎ በአፍንጫ ነው። ሽንኩርቱ ጥሬ ሽታው ሳይጠፋ ሄል ከገባ ሩዙ የመድኃኒት ሽታ ይይዛል። ቀጥሎ በጣት ነው። ከሩዙ በላይ ያለው ውሃ እስከ ጣትሽ ሁለተኛ አንጓ ይደርሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ሊበስል ሲል ደግሞ አንድ ፍሬ በሁለት ጣትሽ ትጨፈልቂያለሽ፤ መሀሉ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየሽ ገና ነው። ከሰሉን ግማሹን ከሥር ታወጪና ክዳኑ ላይ ታደርጊዋለሽ።

ጨው ግን በጆሮም በአፍንጫም አይታወቅም። የጅቡቲ የቧንቧ ውሃ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ ነገሩ ይብሱን ይከብዳል። ኤዶ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ ውሃውን ትጎነጫለች፤ በዚያው ልክ ነው ጨውን የምትሰፍረው። ቢስሚላህ ብላ፣ በቀኝ እጇ፣ በእፍኝ። ጨው የአንድ ሰው እጅ ነው ትል ነበር። ሁለት ሰው የሚጨምርበት ድስት ባለቤት የለውም። ከሕጎቿ ሁሉ ጥብቁ ይህ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራት። የመጨረሻው ሰው ሳይበላ አትቀመጥም። ድግሱ በተጠናቀቀ ማግሥት ደግሞ በሰፈሩ ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቤት እየዞረች ምግቡ እንዴት እንደነበር ትጠይቃለች። «ወጣቶቹን ለምን አትጠይቂም?» ብላት፣ «እነሱማ ርቧቸዋል። የሰጠኋቸውን ሁሉ ጥሩ ነው ይላሉ» አለችኝ።

እንዲህ እያልን ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

የዛሬ አራት ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። ማኅበሩ የዚያን ዓመት የምግብ ቀን በኢፍጣር እንዲሆን ወሰነ፤ ሰፈሩ ቀኑን ጾሞ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በአንድ ድንኳን ሊፈታ። ኤዶም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ውሃ እንኳ መቅመስ አልቻልንም። አንዳንድ ሴቶች በምላሳቸው ጫፍ ነክተው ይተፋሉ፤ ይፈቀዳል ይላሉ። ኤዶ ግን አታደርገውም። ትቀምስልናለች ብለን ያሰብነው አሻ የምትባለውን ነፍሰ ጡር ጎረቤታችንን ነበር። እሷ ደግሞ ያን ቀን ጠዋት ምጥ ይዟት ሆስፒታል ሄደች።

«ሌላ ሰው እንፈልግ፣ ኤዶ?» አልኳት።

እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። «ይኼ እጅ ሲሰፍር አርጅቷል። ዛሬ ነው የሚጠፋው?» አለች።

ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ደረሰ። ሥጋው በስሏል፣ ውሃው ሊፈላ ነው፣ ሩዙ ታጥቦ ተዘጋጅቷል። ኤዶ ጨው ጨመረች፤ ሁለት እፍኝ። ክዳኑን ገጠመችና፣ «ሰግጄ እስክመለስ እንዳትነኪው» ብላኝ ሄደች።

ሁለት እፍኝ ለቧንቧ ውሃ የምትጨምረው ነው። የዚያን ዕለት ግን ቧንቧው ተዘግቶ ስለነበር ያበሰልነው በቦቴ በመጣ ውሃ ነው። የቦቴ ውሃ ጨው የለውም። ረስታዋለች አልኩ በልቤ። ሩዙ ከገባ በኋላ ደግሞ ጨው ቢጨመር እኩል አይዳረስም። ልጠብቃት እችል ነበር፤ ሶላት ረጅም ጊዜ አይወስድም። አልጠበቅኩም። እውነቱን ለመናገር፣ እሷ የረሳችውን እኔ ማስታወሴ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስማር ኖሬ አንድ ቀን በልጬ የተገኘሁ መሰለኝ። ክዳኑን ከፈትኩና ሁለት እፍኝ ጨመርኩ።

ኤዶ አልረሳችም ነበር። ቦቴው ሲመጣ ሾፌሩን ውሃው ከየት እንደተቀዳ ጠይቃው፣ ሥጋው ሲጠበስ አስቀድማ ጨምራለት ኖሯል። እኔ ያን ጊዜ ከሰል ላመጣ ሄጄ ነበር።

ተመልሳ ድስቱን አየችና፣ «ነክተሽዋል?» አለችኝ።

«አልነካሁም» አልኩ።

በሁዳዴ፣ ጾሜን ሳልፈታ፣ አንገቴ ላይ ማተቤን አስሬ። ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቃሉ ከአፌ የወጣው እኔ ሳላስበው ነው።

አዛን ተባለ። ሰው በቴምርና በውሃ ጾሙን ፈታ፣ ሰገደ፣ ተቀመጠ። ሰሃኑ ዞረ። የሚያጉረመርም ድምፅ ከወንዶቹ በኩል ተነሣ። አንዱ፣ «ወላሂ፣ ባሕሩን አፍልተው ነው ያቀረቡልን!» አለ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ምላሳቸው ደርቆ የዋሉ ሰዎች ናቸው። ውሃ አሁንም አሁንም ጠየቁ፤ የቀረበው ውሃ አለቀ። አንዲት አሮጊት ሰሃኗን ሳትነካው መሬት ላይ አስቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ስትቀመጥ አየኋት። የዚያ ሾፌር ፊት ትዝ አለኝ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ሙሴ ዳሂር ወደ ድስቱ መጣ። ሩቂያ ከኋላው ነበረች።

«ተናግሬ አልነበረም?» አለች። «የማትቀምሰውን የምታበስል ሴት አምጥታችሁ! በኢፍጣር ቀን!»

ሙሴ ዳሂር፣ «ጨው የጨመረው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ኤዶ ወደ እኔ ዞረች። አየችኝ። እንዳወቀችው አየሁ። ብዙ አልቆየችም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ኤዶ፣ አንቺ?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ጨው ይነካል? አርጅቻለሁ። እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

በሚቀጥለው ዓመት ሙሴ ዳሂር ቤቴ መጣ። ኤዶ ደክማለች፣ ትረፍ ተብሏል፤ ድስቱን አንቺ ያዢ አለኝ። ሩቂያ እንኳ ተስማምታ ነበር፤ በዚያ ቀን ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑ ታውቋልና። እሺ አልኩ። ለኤዶ ልነግራት ስሄድ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል፣ «ከሥር እንዳያርርብሽ» አለችኝ። ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች።

ሦስት ዓመት ድስቱን ያዝኩ። ሩዙ ተወደደ። ማኅበሩ ወረቀት ሰጠኝ፣ ሣራ መስተዋት ውስጥ አስገብታ ሰቀለችው። በየምግብ ቀኑ የመጀመሪያውን ሰሃን ለኤዶ እልክላት ነበር። ሰሃኑ ታጥቦ፣ ባዶውን ይመለስልኛል። በሰፈራችን የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ ሌላው ቢጠፋ አንድ ሎሚ ይደረግበታል።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ስግደት ሰጡኝና፣ «ስግደቱን ስገጂ። የሴትዮዋ ስም ግን እኔ ዘንድ አይደለም ያለው። ከወሰድሽበት ቦታ ሄደሽ መልሺላት» አሉኝ። ስግደቱን ሰገድኩ። ሁለተኛውን ሳላደርግ ሌላ ዓመት አለፈ። በየጧቱ ጸሎት ሳደርስ «በደላችንን ይቅር በለን» ከሚለው ስደርስ እደናቀፍ ነበር።

ከዚያ ጉልበቴ እምቢ አለ። አምና ማኅበሩ በምግብ ቀን በክብር ሊያሰናብተኝ ተሰናዳ። ኤዶም ተጠርታ ነበር። ዓይኗ ስለደከመ የልጅ ልጇ እጇን ይዛ አመጣቻትና ፊት ለፊት አስቀመጠቻት። ሙሴ ዳሂር ነጠላ አለበሰኝ፣ ሰው አጨበጨበ፤ ድምፅ ማጉያውን ሰጠኝ። ሶማልኛዬ ያን ያህል አይደለም፤ ግን ሁሉም እንዲሰማኝ በሶማልኛ ተናገርኩ።

«በኢፍጣሩ ቀን ጨው ያበዛሁት እኔ ነኝ። ኤዶ አይደለችም። እንዳትነኪ ብላኝ ነበር፤ ነካሁ። ስትጠይቀኝም ዋሸኋት። ስሟን ይዤ ሦስት ዓመት ኖርኩ። እናንተንም በጾማችሁ በድያችኋለሁና ይቅር በሉኝ።»

ሩቂያ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ሙሴ ዳሂር ጫማውን ያያል።

«ጨረስሽ?» አለች ኤዶ ከተቀመጠችበት፣ በአማርኛ።

«ጨረስኩ፣ ኤዶ።»

«እንግዲያው ስሚ። ያን ቀን የሸፈንኩሽ ስለወደድኩሽ እንዳይመስልሽ። አንቺን ቢያባርሩሽ ያን ድስት ማን ያነሣልኝ ነበር?»

አማርኛ የሚሰሙት ሳቁ፤ ለሌሎቹ ተረጎሙላቸውና እነሱም ሳቁ። ኤዶ ግን አልሳቀችም።

«ለአንድ ሌሊት ነበር የተሸከምኩልሽ» አለች። «ጠዋት ትመጣለች፣ ትናገራለች ብዬ በሬን ከፍቼ ጠበቅኩሽ። አልመጣሽም። በማግሥቱም ከፍቼ ጠበቅኩ።» የልጅ ልጇን እጅ ያዘች። «አሁን ይቅር ብዬሻለሁ። ቶሎ ብትመጪ ግን ይሻለኝ ነበር።»

ሄጄ ጉልበቷን ሳምኩ። ነይ ተነሺ ብላ አላነሣችኝም፤ እስክነሣ ጠበቀችኝ።

በሥራዬ ዘመን ብዙ ሰው አብልቻለሁ፤ ልጄንም በዚያው አሳድጌአለሁ። ይህን ያደረገልኝ አምላክ ይመስገን። ያስተማሩኝም ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ከእነሱ መካከል ዋጋ ያስከፈልኳት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሳትሞት ስለደረስኩ ለዚያ ከሁሉ በላይ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው አይደርስም።

ዘንድሮ በምግብ ቀን ሽንኩርት ልልጥ ሄድኩ። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ጉልበቴ አይከለክለኝም። ከድስቱ አጠገብ ወንበር ተደርጎ ኤዶ ተቀምጣለች። ዓይኗ ባያይም ጆሮዋ ደኅና ነው። ሁለት ወጣት ሴቶች ቆመው ያማስላሉ፤ እሷ፣ «ዝም በሉ፣ ልስማበት» እያለች ትቆጣቸዋለች። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፤ ሰው ርቦታል፤ ሙሴ ዳሂር ላቡን እየጠረገ መጣና እንደለመደው ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«አስካለ፣ ሩዙ ደረሰ?»

«እሷን ጠይቃት» አልኩት።

ወደ ወንበሩ ዞረ። ኤዶ ጆሮዋን ወደ ድስቱ አዘንብላ፣ እጇን ከፍ አድርጋ እንዳይናገር ከለከለችው። እጆቹን አጣምሮ ቆሞ ጠበቀ።